ቁልቁል የገዛኋት መኪና

ገና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ አልተጸጸትኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጽሑፉን ሳትጨርሱ ራሳችሁን መነቅነቅ የምትጀምሩ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው። ራስ መነቅነቅ በቅቶኛል። ከሐምሌ ወዲህ ሶዶ ውስጥ ራሱን ያልነቀነቀብኝ ሰው ካለ ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ አንገቱን ያመዋል። አንገት ከተነሳ የእኔም አንገት ታሪክ አለው፤ እሱ ግን በተራው ይመጣል።

መኪናዋን የገዛሁት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ ሁለት በር ያላት የድሮ ስፖርት መኪና ናት። ሊብሬዋ ላይ በተጻፈው ዓመት እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ያኔ እንዲህ ያለች መኪና አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ አይቼ፣ ገጹን ቀድጄ፣ የደብተሬ ልባስ ውስጥ ደብቄያት ነበር። እንግዲህ ሰው አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶት፣ ሦስት ልጆች ወልዶ፣ ደሙ ውስጥ ስኳር ተገኝቶበት፣ ያቺው የደብተር ልባስ መኪና «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ለጥፋ መንገድ ዳር ቆማ ቢያያት ምን ያድርግ? እናንተ ምን ታደርጉ እንደነበር አውቃለሁ። ሚስታችሁን ታማክሩ ነበር። እኔ አላማከርኩም።

ሻጩ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ሶዶ የከረመ፣ አሁን ወደ ሰሜን ተዛውሮ ዕቃውን የሚያሰናዳ ሰው ነበር። ስለ እሱ ክፉ እንድናገር የምትጠብቁ ካላችሁ አልናገርም፤ እሱም ከሌላ ሰው ነው የገዛት፣ ያም ከሌላ። ቤቱ ከላይ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር ነው። ሞክራት አለኝ። አስነሳኋትና ወደ መናኸሪያው ለቀቅኳት። አካሄዷን ብታዩት። ድምፅ የላት፣ መንቀጥቀጥ የላት። ባጃጆቹ ዳር እየያዙ አሳለፉኝ። ሻጩ አጠገቤ ተቀምጦ ዝም ብሎ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ እኔ ያለ ምክንያት እስቅ ነበር፤ እዚያው ቆመን ተጨባበጥን።

አሁን ሥራዬን ልናገር፤ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ዕቃ ያለ ማንም እርዳታ ለምን ወደ ታች እንደሚሄድ ለሃያ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣልኩ አስተምሬያለሁ። ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ፤ የተሳሳተውን ጥያለሁ። ሶዶ ደግሞ ዳሞታ ላይ ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ቁልቁል ከሆነ ሁሉም ነገር ይሄዳል። ፍሬን የሌለው ጋሪ ይሄዳል፣ ነዳጅ የጨረሰ ባጃጅ ይሄዳል፣ ከገበያተኛ እጅ ያመለጠ ጥቅል ጎመን ይሄዳል። እኔም መኪናዋን ቁልቁል ብቻ ነድቼ ገዛኋት።

ቤታችን ከኦቶና ሆስፒታል ከፍ ብሎ ነው። አፍንጫዋን ወደ ላይ ባዞርኩ ጊዜ ሌላ መኪና ሆነች። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን ወሬውን አልሰማም። ኋላዬ የባጃጅ ሰልፍ ተሠራ። አንዱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ ምን ሆንክ ቢለኝ የከተማዋን ውበት እያየሁ ነው አልኩት። ፊት ለፊቴ ያለው የአንድ ወፍጮ ቤት የጀርባ ግድግዳ ነበር። እሱም ግድግዳውን አየት አድርጎ፣ ራሱን ነቅንቆ አለፈ፤ የራስ መነቅነቁ ነገር የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ባለቤቴ አስቴር ስለ መኪናዋ ያወቀችው ስድስት ሰዎች እየገፏት ደጃችን ስትደርስ ነው። አልጮኸችም። ዙሪያዋን ዞረች፣ በሮቹን ቆጠረች፣ ወደ ውስጥ አጎንብሳ ወንበሮቹን አየች። ከፊት ሁለት ሰው፣ ከኋላ አንድ ቦርሳ ትይዛለች። ከዚያ ቀና ብላ በጣም በረጋ ድምፅ፣

«ልጆቻችን ሦስት ናቸው» አለችኝ። «የትኞቹን ልታስቀር ነው?»

ይህንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት የታላቅ ወንድሜን ነው።

ጋሼ ዳና፣ ሻንቶ ከምትባል ከተማ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ትንሽ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ፣ ትምህርት ቤት ያስገባኝ፣ የመጀመሪያ ጫማዬን ያሰረልኝ እሱ ነው። መኪና መግዛቴን ሰምቶ በሳምንቱ በሚኒባስ ሶዶ መጣ። ቦይና፣ ያን የእኛን ጎደሬ፣ በማዳበሪያ አሲዞ ነው የመጣው፤ ደስ ብሎት ነበር መሰለኝ። ቦይናውን አውርዶ መኪናዋን አያት። ሦስት ጊዜ ዞራት። ጎማዋን በዱላው ነካ አደረገ። ኮፈኗን አስከፍቶ ወደ ውስጥ ብዙ ቆይቶ ተመለከተ፤ ጥርስ የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ በወላይትኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ዳገት ላይ አይተሃታል ወይ አለኝ።

ኮፈኗን ዘጋሁት።

እሱ በሬ ሲገዛ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምልለት አይሰማም። ገመዱን ይቀበልና ከገበያው አውጥቶ ወደ ዳገት ይወስደዋል። ዳገት እየወጣ ትንፋሹን ይሰማል፣ የኋላ እግሮቹን ያያል፤ ወገቡ ካልተርበተበተ ይገዛዋል። ቁልቁል ሁሉም በሬ ጎበዝ ነው ይላል። ይህንን ሁሉ ደጄ ላይ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ አንድ በአንድ አስረዳኝ። እውነቱን ነበር፤ ያናደደኝም እውነቱን መሆኑ ነው። ፊዚክስ ተምሬ የሳትኩትን እሱ በሬ ሲገዛ ኖሮ አወቀው። እናም አፌ አመለጠኝ።

«አንተ የምታውቀው በሬ ነው» አልኩት። «መኪናውን ለሚያውቀው ተወው።»

ቃሉ ገና ከአፌ ሲወጣ መመለስ ፈልጌ ነበር፤ ግን እኔ ስሳሳት ወደ ፊት የምገፋ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጨመርኩበት። ለጊፋታ ይቺው መኪና በራሷ ሞተር ግቢህ ትገባለች፤ ማንም ሳይገፋት፣ ማንም ሳይጎትታት፤ ካልገባች ለቁራሌው እሰጣታለሁ፣ ሁለተኛም መሪ አልጨብጥም አልኩ። ጋሼ ኮፍያውን አደረገ። የእርዱ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሥጋ እንደሚካፈል ታውቃለህ፣ ሥጋ ደግሞ ለማንም አይጠብቅም አለኝና ወደ ሚኒባሱ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ አልደወለልኝም። እኔም አልደወልኩለትም።

ጊፋታን ለማታውቁ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። መስከረም ሲጋመስ ሰው ከያለበት ወደ ቤተሰቡ ይገባል። ጎረቤት ተባብሮ በሬ ይገዛል፣ ያርዳል፣ ይካፈላል። ዋናው ግን ሥጋው አይደለም። የተጣላ ሰው ቂሙን ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም፤ ታናሽ ወደ ታላቁ ደጅ ሄዶ ይታረቃል። ስለዚህ መሄዴ አይቀርም። ጥያቄው በምን እሄዳለሁ ነው። በሚኒባስ ከሄድኩ ታርቄ እገባለሁ፤ ግን ዕድሜ ልኬን አጎንብሼ ነው። በመኪናዬ ከሄድኩ ቀና ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልዩነቱ የማይገባችሁ ከሆነ ታላቅ ወንድም የላችሁም ማለት ነው።

ሁለት ወር ከግማሽ ነበረኝ። መኪናዋን ጴጥሮስ ጋ አስገባኋት። ጴጥሮስ አቮካዶ ዛፍ ሥር ሸራ ዘርግቶ የሚሠራ መካኒክ ነው። መጥፎ ወሬ እንደ ሐኪም ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። መጀመሪያ ፍሪሲዮኗን አወረደና ዲስኩን አሳየኝ፤ ሳስቶ ሳስቶ አልቋል። ተቀየረ። መኪናዋም ዳገት ወጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ከሥሯ ጥርሱን ያመመው ሰው ዓይነት ማቃሰት ተሰማ፤ በአራተኛው ቀን ማቃሰቱ ወደ መንቋቋት ተለወጠ፤ በአምስተኛው ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ተማሪዎቼ ሁሉ ለክረምት ትምህርት ተሰልፈው ሲገቡ፣ ቀጥ አለች። አንዱ ተማሪዬ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ስለ ሰበቃ ኃይል የማብራሪያ ጥያቄ እንዳለው ነገረኝ። ስሙን ይዤዋለሁ።

ጴጥሮስ በዚህ ጊዜ ካምቢዮዋን ራሷን አወረደ። ዘይቱን ባፈሰሰ ጊዜ እጁን ነክሮ አሸተተው። ደግሞ አሸተተው። ከዚያ በዚያው በቀስታ ድምፁ፣

«መምህር» አለኝ፣ «ይቺን መኪና ማን ነው ሙዝ ያበላት?»

እንዲህ ነው ነገሩ። የካምቢዮ ጥርስ አልቆ ሲጮኽ አንዳንድ ሰው የበሰለ ሙዝ ልጦ ዘይቱ ውስጥ ይጨምራል። ሙዙ ጥርሶቹ መሃል እየገባ ድምፁን ያፍነዋል። ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ለመሸጥ ግን ጥቂት ቀን ይበቃል። ከብዙዎቹ ባለቤቶቿ የትኛው እንዳበላት አይታወቅም። እኔ ያን ዝምታዋን ነበር ጥራት ነው ብዬ የወደድኩት። ጴጥሮስ ሸራው ላይ ተቀምጦ እስኪበቃው ሳቀ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ሙዝ በፖታሲየም የበለጸገ ፍሬ እንደሆነና ማንንም እንደማይጎዳ በቁጣ አስረዳሁት።

ሲረጋጋ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠረገ ደረደራቸው። የአንደኛ ማርሽ ተሸርፏል፣ የሁለተኛ ተበልቷል፣ የሦስተኛውን እንኳ ማየትም አልፈለግኩም። በመጨረሻ አንዷን አንስቶ ወደ ፀሐይ አዞራት። ታበራለች።

«ይቺ የኋላ ማርሽ ናት። ምንም አልሆነም» አለ። «ስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው ወደ ኋላ አይሄድም።»

ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

የተሸረፈውን ጥርስ በጋዜጣ ጠቅልዬ ጋሽ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ ከድር አባታቸው ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ የያዙ፣ ከመርፌ እስከ ትራክተር ኩሽኔታ የማያጡ ሰው ናቸው። ዕቃውን በእጃቸው አገላብጠው አገላብጠው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ይህን የሠራው ፋብሪካ ራሱ ረስቶታል አሉኝ። ሻይ አዘዙልኝ። ሻዩን ስጠጣ መኪናዋን ግቢዬ ውስጥ አቁሜ አበባ እንድተክልባት መከሩኝ። ይህ እስከዚያ ቀን ከተሰጡኝ ምክሮች ሁሉ የተሻለው ነበር፤ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ የዶሮ ቤት፣ የባዮሎጂው መምህር የሰርግ ፎቶ መነሻ አድርጋት ብለውኝ ነበር። ለሁሉም እንደመለስኩት ለጋሽ ከድርም መለስኩ፤ መኪና ናት፣ ትሄዳለች አልኩ። ጋሽ ከድር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ አሮጌ ሬዲዮ እንዳላቸው፣ ከሞተ ብዙ ዓመቱ እንደሆነ፣ ነገር ግን ማንም እንዲወስደው እንዳልፈቀዱ ነገሩኝ። ከዚያ ጥርሱን የሚቀርጽልኝ ቶርኖ ቤት የቱ እንደሆነ አመለከቱኝ።

ቶርኖ ቤቱ ሦስት ጊዜ ቀረጸው። የመጀመሪያው አልገባም፤ ሁለተኛው ገብቶ አልወጣም፤ ሦስተኛው ገጠመ። ጴጥሮስ ሁሉንም መልሶ አሰረና ቁልፉን ሰጠኝ። እኔም በየቀኑ ከሥራ በኋላ ወደ ዳሞታ እወስዳት ጀመር። ዳገት ብቻ ነው የማስወጣት። መስኮቱን ከፍቼ ትንፋሿን እሰማለሁ፤ የኋላ ጎማዎቿን በመስታወት አያለሁ። ይህን ከማን እንደተማርኩት ለማንም አልተናገርኩም፤ አስቴር ግን አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ወገቡ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

የእርዱ ቀን ደረሰ። አስቴርና ልጆቹ በጠዋት በሚኒባስ ቀደሙኝ። እሷ ስትሳፈር መንገድ ላይ ከቆምክ ደውል እንጂ አትኩራ አለችኝ። እኔ ፀጉሬን ተስተካክዬ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ መኪናዋን አጥቤ ተነሳሁ። ሄደች። እውነቴን ነው፣ ሄደች። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ሜዳውን በሦስተኛ እየበላች ሄደች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ለበዓል ለብሶ ይሄዳል፤ እያየኝ እጁን ያነሳል። ያቺን የደብተር ልባስ አስታወስኩና ዓይኔ እንባ አቀረረ። አላፍርበትም።

ጋሼ ቤት ልደርስ ሦስት ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ፣ ሻንቶ መግቢያ ላይ ያለው ዳገት መሃል፣ ከሥሬ አንድ ነገር ጓ አለ። ቀጥሎ የብረት ጥርስ ሲፈጭ ሰማሁ። አንደኛ ባስገባ የለም። ሁለተኛ የለም። ሦስተኛም አራተኛም እንደ ሊጥ ማማሰያ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ የሚይዘው ነገር የለም። ሰዓቴን አየሁ፤ ለእኩለ ቀን አንድ ሰዓት ያህል ይቀራል።

ሰው ተሰበሰበ። ይህ የበዓል ቀን ነው፤ የሚቸኩል የለም። ሁሉም ሊረዳኝ ይፈልጋል፤ የከፋው እሱ ነው። ጎረምሶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊገፉ ከኋላ ቆሙ። አትንኳት አልኳቸው። አንድ ባለ ጋሪ አህያውን አምጥቶ ገመዱን ሊያስር ጎንበስ አለ። ገመድ አይነካትም አልኩት። አንድ ሚኒባስ ቆሞ ሾፌሩ ግባና እናድርስህ፣ በኋላ ተመልሰህ ታስነሳታለህ ቢለኝ እግዜር ይስጥህ ብዬ አሰናበትኩት። የጋሼን ቤት የሚያውቁ አንድ እናት በወላይትኛ፣ ልጄ ሥጋው ሊካፈል ነው፣ ወንድምህ ይቀየምሃል አሉኝ። እሱን ባሉኝ ጊዜ ሰዓቴን ደግሜ አየሁ። በእግሬ ብሮጥ እደርስ ነበር። ግን ይህ ሁሉ ሳምንት፣ ይህ ሁሉ ቶርኖ፣ ይህ ሁሉ የተነቀነቀ ራስ የዳገቱ መሃል ላይ ተጥሎ ሊቀር ነው? አይሆንም አልኩ። ጮክ ብዬ ሳልናገረው አልቀረሁም፤ አህያው ዞር ብሎ አየኝ።

ያኔ ነው ያቺ የምታበራ ጥርስ ትዝ ያለችኝ። እጀታውን ወደ ኋላ ማርሽ ወሰድኩት። ጠቅ ብሎ ገባ።

ነገር ግን አፍንጫዋ ወደ ሻንቶ ነው የዞረው፤ የኋላ ማርሽ ወደ ሶዶ ነው የሚወስደኝ። እዚህ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ደረሰልኝ። ማርሹን አወጣሁና ፍሬኗን ለቀቅኩ። መኪናዋ በዳገቱ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ መሪውን ሙሉ በሙሉ ጠመዘዝኩ፤ ዞራ መንገዱን አግድም ዘጋች። መሪውን ወደ ሌላው ወገን መለስኩና አፍንጫዋን ወደ ቁልቁሉ እንደገና ለቀቅኳት፤ አፍንጫዋ ወደ ሶዶ፣ ጭራዋ ወደ ሻንቶ ሆኖ ቆመች። ማንም አልገፋት፣ ማንም አልጎተታት። ያታለለኝ የመሬት ስበት በዚያች ቀን ካሰኝ። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገብቼ፣ አንገቴን በቀኝ ትከሻዬ ላይ ጠምዝዤ፣ ዳገቱን በጀርባዋ ወጣሁት።

ወደ ኋላ ሦስት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት። ፈጣን እግረኛ ይቀድማችኋል። ሻንቶ ገበያው ጋ ስደርስ ነጋዴዎቹ ከየሱቁ ወጡ። ከዚያ የሳቅ ድምፅ ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ እስከ ሌላው ጫፍ ሄደ። አንዱ መምህሩ ወደ ሶዶ እየሄደ ነው ወይስ ከሶዶ እየመጣ ነው ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው ጠዋት የበላውን እያስመለሰ ነው አለ። ልጆች ከፊቴ፣ ማለቴ ከኋላዬ፣ ማለቴ መኪናዋ ከምትተወው በኩል እየሮጡ ተከተሉኝ። ጆሮዬ ጋለ። መንዳቴን ግን አላቆምኩም።

የጋሼ ግቢ ደረስኩ። በሩ ተከፍቷል። በጭራዋ ገባሁ፤ ሣሩ ላይ ቆምኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁ። አንገቴን ለመመለስ ሞከርኩ፤ አልመለስ አለኝ። እንደ ተጠመዘዝኩ ወረድኩ።

ሥጋው እንሰት ቅጠል ላይ ተከምሯል። በሬውን ከጋሼ ጋር የገዙት ጎረቤቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ጋሼ ዳና መሃል ላይ ቢላዋውን እየሳለ ነው። አስቴር በኋላ እንደነገረችኝ እኩለ ቀን ካለፈ ቆይቷል፤ በተባለው ሰዓት ላካፍል ብሎ ተነሳና ቢላዋው ደንዝዟል አለ። ሳለው። አሁንም ደንዝዟል አለ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ ስደርስ ያ ቢላዋ ምላጭ ሆኖ ነበር።

ሽማግሌዎቹ በነገሩ ተከራከሩ። አንደኛው ታላቅ ወንድሙ ደጅ ጀርባውን አዙሮ መግባት ነውር ነው አሉ። ሌላኛው ጀርባዋን ያዞረችው መኪናዋ ናት፣ የእሱ ፊት ወደ እኛ ነበር ብለው ተሟገቱልኝ፤ እውነትም ነው፣ አንገቴ ምስክር ነው። ጋሼ ሁሉም እስኪጨርሱ ጠበቀና ወደ እኔ መጣ። መኪናዋን አንድ ጊዜ ብቻ ዞራት። ገመድ የታሰረበት ቦታ ካለ ከሥሯ አጎንብሶ አየ። የኋላ ብረቷ ላይ የእጅ አሻራ ካለ አየ። ከዚያ ቀና አለ።

ዳገቱን በኋላ ማርሽ ነው የወጣችው ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ወገቧ አልተርበተበተም ወይ አለ። አልተርበተበተም አልኩት።

«መንገድ ላይ ሳቁብህ?» አለኝ።

«ሳቁ።»

«እነማን?»

«ሻንቶ ገበያ ያለው ሁሉ።»

ቢላዋውን አጠገቡ ላለው ጎረቤት ሰጠው። ወደ ቤት ገብቶ ያን ቀይና ቢጫ ዱንጉዛውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ። የበዓል ልብሱ ነው። የመኪናዋን በር ከፈተና ረጅም እግሮቹን አጣጥፎ ገባ፤ ጉልበቶቹ አገጩ ጋ ደረሱ። ሥጋውስ ብለው ጠሩት። ይጠብቅ አለ።

«አንተ ላይ መሳቅ የእኔ ድርሻ ነው» አለኝ። «ለሻንቶ ገበያ አላካፈልኩትም። ንዳ።»

ከግቢው እንዴት እንደወጣን አትጠይቁኝ፤ እሱ ሣር ላይ፣ በትንሽ ተዳፋት፣ በመሬት ስበት ነው። መንገዱ ላይ ስንደርስ የኋላ ማርሿን አስገባሁ። እኔ አንገቴ እንደሆነ ቀድሞውኑ በዚያው ቀርቷል፤ ወደ ኋላ እያየሁ ነዳሁ። እሱ ግን ወደ ፊት ነው የሚያየው። ልብ በሉት፤ ወደ ኋላ በምትሄድ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚያልፋቸው ሰዎች አይጠፉበትም፤ ሁሉም ከፊቱ ይቀራሉ። ገበያው ጋ ስንደርስ የሳቁት ሁሉ በየሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ነበር። ጋሼ መስኮቱን አስከፍቶ ዱላውን አወጣ። እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠራ፣ ሳይቸኩል፣ ለበዓሉ እንኳን አደረሳችሁ አላቸው። ማን ይስቃል? ከመቀመጫው እየተነሳ፣ ኮፍያውን እያወለቀ መለሰለት። ገበያው መጨረሻ ላይ ስንደርስ እኔ ሳላስበው፣

«ጋሼ፣ ስለ በሬው ያልኩት ነገር ይቅርታ» አልኩት።

«ኋላህን እያየህ ንዳ» አለኝ። «ጉድጓድ አለ።»

ከዚያ እጁን አምጥቶ የተጠመዘዘው አንገቴ ላይ አሳረፈና እስክንመለስ ድረስ አላነሳውም። ሥጋው የተካፈለው ከዚያ በኋላ ነው። የበዓሉን ምግብ፣ ሙቹዋውን፣ ስጎርስ ከቀኝ በኩል ብቻ ነበር የሚሆንልኝ፤ አስቴር ሰሃኑን እያዞረች ታቀርብልኝ ነበር።

መኪናዋ አሁን ጴጥሮስ ጋ ናት፤ አቮካዶው ሥር፣ ካምቢዮዋ እንደገና ሸራ ላይ ተዘርግቷል። በጭነት መኪና ተጭና ነው የተመለሰችው፤ መሐላዬ ለመሄድ እንጂ ለመመለስ አልነበረም። እስካሁን ራሱን የሚነቀንቅ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን አንገቴ ገና ስላልዳነ መልሼ መነቅነቅ አልችልም። ትናንት ጴጥሮስ ጋሽ ከድር የሆነ ቦታ የተገኘ አሮጌ ካምቢዮ እንደጠቆሙት ነገረኝና ምን ምኑን ልቀይር ብሎ ጠየቀኝ። አንደኛውን ቀይር አልኩት፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ከፈለግክ አራተኛውንም። የኋላ ማርሿን ግን እንዳትነካት አልኩት።